አክተሩ ራሱ ነው የሚዘፍነው?

ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ያደገ ሰው ሁለት ሕግ ያውቃል። አንድ፣ አክተሩ አይሞትም። ሁለት፣ ህንድ ፊልም ላይ የሚዘፍነው አክተሩ ራሱ ነው። የመጀመሪያውን ሕግ አሚታብ ባቻን ሾሌ የሚባለው ፊልም ላይ ሞቶ አፈረሰብን። ሁለተኛውን ያፈረሰብኝ ግን የሰፈሬ ልጅ ነው። «አፉን ነው የሚያንቀሳቅሰው» አለኝ። ተጣላን። ሳምንት ሙሉ አልተነጋገርንም።

ጉዳዩን ካደግኩ በኋላ አጣራሁት። ዓመተ ምሕረቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«አክተሩ ራሱ ይዘፍናል»

አብዛኛውን ጊዜ አይዘፍንም። ዘፈኑ ቀድሞ ስቱዲዮ ውስጥ በሌላ ሰው ድምፅ ይቀዳል። ፊልሙ በሚቀረጽበት ቦታ በድምፅ ማጉያ ይለቀቃል፤ አክተሩ ከንፈሩን ከግጥሙ ጋር እያስኬደ ዛፍ ለዛፍ ይሯሯጣል። ዳገት እየሮጠ ትንፋሽ የማያጥረው ለዚህ ነው።

አንድ ቃልም እናስተካክል። እኛ ጋ «ፕሌይባክ» ሲባል መድረክ ላይ ወጥቶ በተቀዳ ዘፈን አፉን የሚያንቀሳቅስ ዘፋኝ ነው የሚታየን፤ ነቀፋ ነው። ህንዶች ጋ ተገላቢጦሽ ነው። ፕሌይባክ ዘፋኝ የሚባለው ከጀርባ ሆኖ በእውነት የሚዘፍነው ሰው ነው። ላታ ማንጌሽካርና ሞሐመድ ራፊ በዚህ ሙያ ከብዙ አክተሮች በላይ ተከብረው ኖረዋል።

«ድሮም እንደዚህ ነበር»

አልነበረም። የህንድ ፊልም በ1931 አፍ ሲፈታ መዝፈን የማይችል ተዋናይ ችግር ላይ ወደቀ። ካሜራው እየቀረጸ እዚያው መዝፈን ነበረበት። ድምፅ የማዋሱ ዘዴ የመጣው በ1935 ነው፤ ከመጣም በኋላ ወዲያው ሁሉም አልተቀበለውም። አሾክ ኩማር የስቱዲዮው የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነበር። ድንገት አክተር ተደርጎ በ1936 ከተዋናይቷ ዴቪካ ራኒ ጋር እንደምንም ዘፍኗል። ስሙን ያዙልኝ፣ ታናሽ ወንድሙ ይመጣል።

ድምፅ አዋሾቹም መጀመሪያ ላይ ስም አልነበራቸውም። በ1949 ማሃል የሚባል ፊልም ወጣ። የላታ ዘፈን አገር ምድሩን ሲያዳርስ ሸክላው ላይ የተጻፈው «ካሚኒ» የሚል ነበር። ካሚኒ ፊልሙ ውስጥ ያለችው ገጸ ባሕርይ ናት! ታዲያ እኛ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ብንሸወድ ምን ይገርማል?

«አክተር ሲዘፍን ለጨዋታ ነው»

እዚህ ላይ ኪሾር ኩማርን ሳልጠራ አላልፍም። የአሾክ ታናሽ ወንድም ነው። ታላቁ «አክተር ሁን» ይለዋል፣ የእሱ ልብ ዘፈን ላይ ነው። በ1948 ለአክተሩ ዴቭ አናንድ ድምፁን አውሶ ጀመረ። ሙዚቃ ትምህርት ቤት ገብቶ አያውቅም። ለዓመታት ሰው የሚያውቀው እንደ ኮሜዲ አክተር ነበር።

ሃፍ ቲኬት የሚባለውን የ1962 ፊልሙን እዩለት። ኪሾር ሴት መስሎ ለብሶ ፕራን ከሚባለው አክተር ጋር ይጨፍራል። ዘፈኑ የወንድና የሴት ቅብብል ነው። የሴቷን ክፍል ላታ እንድትዘፍነው ታስቦ ነበር፤ በቀረጻው ቀን ግን አልተገኘችም። ኪሾር «ሁለቱንም እኔ እዘፍነዋለሁ» አለ። ዘፈነውም። አንዴ ወፍራም የወንድ ድምፅ፣ ወዲያው ደግሞ ቀጭን የሴት ድምፅ። ዓይን ጨፍኖ ለሰማው ሁለት ሰው ነው። ጨዋታ ነው ካላችሁ እሺ፣ ግን እስቲ ሞክሩት።

ከ1969ኙ አራድና ፊልም በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። ለአክተሩ ራጄሽ ካና የዘፈነለት ድምፅ አገሩን ያዘ፤ ትወናው የጎን ሥራ ሆነ። ፊልምፌር የተባለውን ሽልማት በዘፋኝነት 8 ጊዜ ወስዷል። በኢንድራ ጋንዲ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወቅት ለመንግሥት አልዘፍንም በማለቱ ዘፈኖቹ ከመንግሥት ሬዲዮ ታግደው ነበር። ይሄ ጨዋታ አይመስለኝም።

«ራሱ የሚዘፍን አክተር የሰው ድምፅ አይዋስም»

ይዋሳል። ያውም ይኸው ኪሾር! በ1958 ራጊኒ በሚባል ፊልም ላይ ዋናው አክተር እሱ ነው። አንዱ ዘፈን ግን የጥንቱን የህንድ ሙዚቃ ስልት ጠንቅቆ ያወቀ ጉሮሮ ይፈልግ ነበር። አቀናባሪው ኦ. ፒ. ናያር ራፊን ጠራ። ስለዚህ ህንድ ካፈራቻቸው ታላላቅ ዘፋኞች አንዱ ስክሪን ላይ ቆሞ በሌላ ሰው ድምፅ አፉን ሲያንቀሳቅስ ታያላችሁ። እኔ ይሄን ሳውቅ ብቻዬን ነው የሳቅኩት።

«አክተር ራሱ መዝፈኑ የድሮ ነገር ነው፣ አሁን ቀርቷል»

አልቀረም። አክተሩ አዩሽማን ኩራና በመጀመሪያው የህንድ ፊልሙ ራሱ ዘፍኖ፣ በ2013 በአዲስ አክተርነትም በዘፋኝነትም ፊልምፌር ወስዷል። ሁለቱንም በአንድ ምሽት።

«አሚታብማ ዘፍኖ አያውቅም»

የጠቡ ምንጭ ይሄ ነው። እውነት ነው፣ የአሚታብን አብዛኛውን ዘፈን የዘፈኑለት ኪሾርና ሌሎች ናቸው። ግን በ1979 ሚስተር ናትዋርላል ላይ ለልጆች ተረት እያወራ የሚዘፍነው ራሱ ነው። በ1981 ሲልሲላ ላይ በቀለም በዓላቸው የሚዘፍነውም እሱ፤ ግጥሙ የገጣሚው አባቱ ነው። በዚያው ዓመት በወጣው ላዋሪስ ላይ ደግሞ ሳሪ ለብሶ አንዴ ረጅም ሚስት፣ አንዴ ወፍራም ሚስት፣ አንዴ አጭር ሚስት እየሆነ ይወጣል። ድምፁ የራሱ ነው። ሻካራ ነው፣ ከፍ ሲል ይጨንቀዋል፣ ግን ያስቃል።

እኔና የሰፈሬ ልጅ የተጣላነው በየትኛው ዘፈን መሰላችሁ? በሳሪው። በሕጉ እሱ ትክክል ነበር፣ በዚያች ዘፈን ግን እኔ። ስልክ ቁጥሩን አላጠፋሁትም፣ ዛሬ ማታ እደውልለታለሁ።