«የአየር ንብረት ጭንቀት» ምንድን ነው?

አንዲት ወጣት፣ ቴራፒስት (የሥነ ልቦና ባለሙያ) ፊት ተቀምጣ «ልጅ መውለድ ፈራሁ» አለች እንበል። ያስፈራት ምጡ ወይም የወተት ዋጋ አይደለም። ሙቀቱ፣ ጎርፉ፣ ልጇ የሚያድግበት ዓለም ነው። የአየር ንብረት ጭንቀት የሚባለው ይሄ ነው።

በሽታ ግን አይደለም። ሳይካትሪስቶች በሚጠቀሙበት የምርመራ መጽሐፍ ውስጥ ብትፈልጉት አታገኙትም። ደግሞስ የምር የመጣን አደጋ መፍራት ምኑ ነው በሽታ? «የፈረንጅ ቅንጦት ነው» የሚልም አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣ ጥናት ግን ናይጄሪያን፣ ሕንድንና ፊሊፒንስን ጨምሮ በ10 አገሮች 10,000 ወጣቶች ተጠይቀው፣ 59 በመቶዎቹ በጣም ወይም እጅግ በጣም እንደሚሰጉ ተናግረዋል።

ታዲያ ባለሙያው ምን ይላታል? «አይዞሽ፣ ምንም አይፈጠርም» አይልም። (እኛ ጋ «አይዞሽ» የማያክመው ነገር የለም!) ውሸት መሆኑን እሷም ታውቃለች። መጀመሪያ ያዳምጣታል። እንቅልፏ፣ ምግቧ፣ ሥራዋ ተነክቶ እንደሆነ ይጠይቃል፤ ከሥር ድብርት ሊኖር ይችላላ። ሌሊት ስልክ ላይ የእሳት ቪዲዮ ማየቷን እንድትቀንስ፣ ከሰው ጋር ሆና የምትሠራው ነገር እንድትፈልግ ያግዛታል። ስጋቱን ከውስጧ ነቅሎ ማውጣት ሥራው አይደለም። ይዛው መኖር እንድትችል ነው የሚረዳት።

ብዙ የማይወራለት ሥራም አለ፤ የመድኃኒት ጉዳይ። ሊቲየም (ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ ለሚልበት የባይፖላር ሕመም የሚሰጥ መድኃኒት) የሚወስድ ሰው በሙቀት ውሃ ካጠረው፣ መድኃኒቱ ደሙ ውስጥ ተጠራቅሞ ሊመርዘው ይችላል። ስኪዞፍሬኒያ ለሚባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶችም ሰውነት ራሱን እንዳያቀዘቅዝ ያደርጋሉ። ጠንቃቃ ሐኪም ሙቀቱ ሳይመጣ ይህን ለታካሚውም ለቤተሰቡም ይነግራል። ፈርቶ በራስ ማቆም ግን አይሆንም፤ ሌላ ጣጣ ነው።

ቦረና ስንደርስ ነገሩ ይለወጣል። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅት ተከታትሎ ከድቶት፣ ከብቱ አልቆ መጠለያ የገባ አርብቶ አደር ስለሚመጣው አይደለም የሚጨነቀው። ሐዘን ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና አጋሮቹ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጡት የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያ ሦስት ነገር ያዛል፦ ተመልከት፣ አዳምጥ፣ አገናኝ። ማገናኘት ማለት ከምግብ፣ ከውሃ፣ ከዘመድ ጋር ነው። «የደረሰብህን ንገረኝ» ብሎ ማስጨነቅ የለም። «ልጆቹ ዛሬ በልተዋል?» የሚለው ጥያቄ ይቀድማል።