ትልቅ ታንክ ማለት ብዙ አየር ማለት ነው?

በደሴም በኮምቦልቻም በግቢያቸው ጋራዥ ኮምፕሬሰር (አየር አምቆ ታንክ ውስጥ የሚያጠራቅም ማሽን) የሚተክሉ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁት፣ «ባለ 100 ሊትሩን ልግዛ ወይስ ባለ 200ውን?» የሚለውን ነው። ይህ ሊትር የታንኩ መጠን ብቻ ነው። ሥራውን የሚወስነው ማሽኑ በደቂቃ የሚያወጣው አየር ስለሆነ፣ እባካችሁ ሻጩን አስቀድማችሁ እሱን ጠይቁ።

የቀለም መርጫችሁ በደቂቃ 200 ሊትር አየር ይፈልጋል፣ ማሽኑ ግን 100 ብቻ ይሰጣል እንበል። ባለ 100 ሊትሩ ታንክ ግፊቱ ከ8 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ወደ 4 ባር እስኪወርድ 400 ሊትር ያህል አየር ይለቃል። ጉድለቱ በደቂቃ 100 ሊትር ነውና 4 ደቂቃ ትቀባላችሁ፤ ከዚያ ቆሞ መጠበቅ ነው። ታንኩ እጥፍ ቢሆን 8 ደቂቃ ታገኛላችሁ፤ መሙያ ጊዜውም እጥፍ ይሆናል። ጎማ ለመንፋት ትንሹም ይበቃል።

የስሌቱ መንገድ የትም አይለወጥም፤ የሚለያዩት ቁጥሮቹ ናቸው። የመሣሪያው ፍጆታ ይለያያል፤ በላዩ የተጻፈውን አንብቡ። ኮምፕሬሰሩ ላይም ብዙ ጊዜ የሚጻፈው የሚስበው አየር ነው፤ የሚያወጣው ያንሳል። ከፍታም ይቀንሰዋል፦ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው በሩብ ገደማ ያነሰ ነው። ኮምቦልቻ ዝቅ ስለምትል ቅናሹም ያንሳል።