ቁልቁለትና ዳገት በሴል ሽፋን ላይ፦ ከሶዲየም ፓምፕ እስከ ኦ.አር.ኤስ

የሴል ሽፋን በዋናነት ከቅባት የተሠራ ስስ ነገር ነው። ኦክስጅንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጉልበት ሳያስፈልጋቸው ያልፉታል፤ ከበዙበት ወደ አነሱበት ይሄዳሉ። ይህ ዲፊዩዥን ነው። ውሃም ጨው ወይም ስኳር ወደ በዛበት በኩል ያልፋል፤ ይህ ኦስሞሲስ ነው።

ጨውና ስኳር ግን ቅባቱ አያሳልፋቸውም። ሽፋኑ ላይ የተተከሉ ፕሮቲኖች ያስፈልጓቸዋል። አንዳንዱ ፕሮቲን በር ብቻ ነው፤ ቁልቁለቱን፣ ማለትም ከበዛበት ወደ አነሰበት፣ የሚወርደውን ያሳልፋል። ሌላው ጉልበት አውጥቶ ዳገት ይገፋል።

ከገፊዎቹ ሁሉ ስመ ጥሩ የሶዲየም-ፖታሲየም ፓምፕ ነው። ሶዲየም ከሴል ውጭ በሊትር 140 ሚሊሞል ገደማ ነው፣ ውስጥ ግን ከ10 እስከ 15 ቢሆን ነው። ፖታሲየም ተቃራኒው ነው። ፓምፑ አንድ ኤቲፒ (የሴል የጉልበት ሞለኪውል) በሰበረ ቁጥር 3 ሶዲየም ያስወጣል፣ 2 ፖታሲየም ያስገባል። ዴንማርካዊው ተመራማሪ የንስ ስኩ ፓምፑ ራሱ የሆነውን ኤንዛይም ያገኘው የሸርጣን እግር ነርቭ ሲመረምር ነው። በ1957 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ርዕስ ላይ «ፓምፕ» የሚል ቃል የለም፤ ጠንቃቃ ሰው ነበር። የኖቤል ሽልማት ከሌሎች ጋር የተጋራው ከ40 ዓመት በኋላ፣ በ1997 ነው።

ፓምፑ በነርቭ ላይ ስላለው ሥራ ብዙ ተጽፏል። አንጀት ግን የሚገባውን ያህል አልተወራለትም፤ ትልቁ ሥራ ያለው እዚያ ነው። የባዮኬሚስትሪ ተመራማሪው ሮበርት ክሬን በ1960 ፕራግ ላይ እንዳስረዳው፣ በትንሹ አንጀት ሴል ላይ ሶዲየምና ግሉኮስ አብረው የሚገቡበት በር አለ። ሶዲየም ቁልቁል ሲወርድ ግሉኮስን ዳገት ያወጣዋል። በሴሉ ጀርባ ያለው ፓምፕ ደግሞ የገባውን ሶዲየም እየጠረገ ወደ ደም በኩል ይጥላል። ውሃ ይከተላል።

ኮሌራ አንጀት ውሃ እንዲያፈስ ያደርጋል እንጂ ይህን በር አይዘጋም። ጨው ብቻውን የማይሠራውን ጨውና ስኳር አብረው የሚሠሩት ለዚህ ነው። በ1971 በባንግላዴሽ ጦርነት ጊዜ፣ ህንድ ውስጥ ባንጋኦን በተባለ የስደተኞች መጠለያ፣ ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ በውሃ የተበጠበጠ የጨውና የስኳር ውህድ (ኦ.አር.ኤስ) ለብዙ የኮሌራ ሕመምተኛ አጠጡ። በዘገባቸው መሠረት 30 በመቶ ገደማ የነበረው ሞት ወደ 3.6 በመቶ ወረደ። በጦርነት መሃል የተያዘ ቁጥር ስለሆነ ጥብቅ ጥናት ነው ማለት ይከብዳል፤ ውጤቱን ግን የሚክድ የለም።

ዛሬ ጤና ጣቢያ የሚሰጠን የኦ.አር.ኤስ ከረጢት ለአንድ ሊትር 13.5 ግራም ግሉኮስ፣ 2.6 ግራም ጨው፣ 1.5 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድና 2.9 ግራም ሲትሬት ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ቀጠን ያለ ቀመር ያወጣው በ2002 እ.ኤ.አ. ነው፤ የድሮው ወፈር ያለ ነበር። ስለዚህ «ልጁ እንዲጠጣልኝ» ብሎ ስኳር መጨመር፣ ወይም ከረጢቱን በአንድ ብርጭቆ ውሃ መበጥበጥ ጉዳት አለው። ውህዱ ሲወፍር ኦስሞሲስ ውሃውን መልሶ ወደ አንጀት ይስበዋል፣ ተቅማጡም ይብሳል።