ወተት የቲነር ማርከሻ አይደለም፣ ጋራዥ ውስጥ የሰማኋቸው ነገሮች

ሶስት አመት ጋራዥ ውስጥ የቀለም ረዳት ነበርኩ፣ አሁን ፋብሪካ ውስጥ ሴፍቲ ላይ ነው የምሰራው። ያኔ አምኜ የተቀበልኳቸውን ነገሮች ዛሬ አዲስ የሚገቡ ልጆች መልሰው ለኔው ሲነግሩኝ መጀመሪያ ያስቀኛል፣ ቀጥሎ ያናድደኛል።

«ወተት ከጠጣህ መርዙን ያጥበዋል።» ይሄ የሁሉም አባት ነው። አለቃችን ማታ ማታ ግማሽ ግማሽ ሊትር ይገዛልን ነበር፣ እኛም እሱን ግጥም አርገን ኃጢአታችን የተሰረየ ያህል ቀሎን ወደ ቤት። ቲነሩ (ቀለም ማቅጠኛው) ግን የገባው በሳንባ ነው፣ ከዛ ቀጥታ ደም ውስጥ፣ ወተቱ ደሞ ሆድ ነው የሚገባው፣ የት ሊገናኙ? ባትሪ ቤት ለሚሰሩት ነገሩ ትንሽ ይለያል፣ ባትሪ ውስጥ ያለው እርሳስ (ሌድ የሚባለው ብረት) በአፍ ሲገባ ባዶ ሆድ የበለጠ ይመጠዋል፣ ካልሲየምና አይረን ያለው ምግብ የበላ ሰው አንጀት ግን ያን ያህል አይወስደውም። ስለዚ ቁርስ በልታችሁ ግቡ፣ ወተትም ካማራችሁ ጠጡ፣ ምግብ ነው። እርሳስ ሲቀልጥ የሚተነፈሰውን ጭስ ግን አይነካውም። ያ ሁሉ የወተት ብር ተጠራቅሞ ቢሆን አየሩን ወደ ውጪ የሚስብ አንድ ፋን ይገዛ ነበር።

«ለምጄዋለሁ፣ አሁንማ አይሸተኝም።» የለመደው አፍንጫህ ነው እንጂ ሳንባህ አይደለም። የሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ያለው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል ጋዝ መጀመሪያ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል፣ 100 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር እጅ መቶ እጅ) አካባቢ ሲደርስ ግን አፍንጫ መስራቱን ያቆማል፣ ሽታው ጠፋ ብሎ የወረደ ሰው እዛው ይቀራል፣ ሊያወጣው የገባውም እንደዛው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ደሞ ጭራሽ ሽታ የለውም፣ የከሰሉን ሁላችንም እናውቃለን፣ በር ዘግቶ ሞተር ማስነሳትም ያው ነው።

«ማስክ አርጌያለሁ እኮ!» የትኛውን? የኮቪዱ ማስክ የቲነር ትነት አያስቆምም፣ ሻሽም ቢሆን። ለትነት የሚሆነው ከሰል ያለበት ካርትሪጅ (ማጣሪያ) የተገጠመለት ማስክ ነው። ዋናው ቀቢያችን አንድ ነበረችው፣ የቀለም ክፍሉ ግድግዳ ላይ ሚስማር ላይ ተንጠልጥላ ነው የምትውለው፣ ከሰሉ እዛው ተንጠልጥሎ ትነቱን ሲጠጣ ይውልና እሱ ሲያደርጋት ጠግባለች። ተጠቅመህ ስትጨርስ በሚገባ የሚዘጋ ነገር ውስጥ አስቀምጣት፣ በጊዜውም ቀይር። ደሞ ማስክ የመጨረሻው ነገር ነው፣ መጀመሪያ የቲነሩን ቆርቆሮ ክደን፣ ስቱኮውን በደረቁ ሳይሆን ብርጭቆ ወረቀቱን ውሃ እያስነካህ ፈግፍግ፣ ስፕሬይ ሲደረግ ስራ የሌለው ሁሉ ይውጣ። ማስኩን ከደሞዝህ ግዛ የሚል አለቃ ካለ ደሞ የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011ን አሳየው፣ ማቅረብም አጠቃቀሙን ማሳየትም የአሰሪው ግዴታ ነው (ማድረጉ ግን ያንተ)።

«እጅህን በቤንዚን ተለቃለቅ፣ ቶሎ ይለቃል።» ይለቃል፣ የቆዳህን ቅባት ጨምሮ። ቤንዚን ውስጥ ቤንዘን የሚባል የደም ካንሰር የሚያመጣ ነገር አለ፣ እሱ ደሞ በቆዳም ይገባል። እኛ እንደዛ ታጥበን ክብ ሰርተን እንጀራ እንቆርስ ነበር፣ የባትሪ ቤቱ ልጅ ጥፍሩ ስር ጥቁር አቧራ እንዳለ አብሮን ይጎርሳል፣ ቱታውን እንደለበሰም ቤት ሄዶ ልጁን ያቅፋል። እርሳስ ከደም ውስጥ ግማሹ እስኪወጣ አንድ ወር አካባቢ ይፈጃል፣ አጥንት ውስጥ የገባው ግን አስርት አመታት ይቀመጣል። ሳሙናና ውሃ፣ ቱታው እዛው ጋራዥ ይቅር።

«ቢጎዳኝ ኖሮ እስካሁን ያመኝ ነበር።» ቀለሙ እንዲጠነክር የሚጨመረው ሃርድነር ውስጥ አይሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል አለ፣ ሰው ወራት ምናልባትም አመታት ምንም ሳይሆን ይሰራበትና አንድ ቀን ሰውነቱ ይጠላዋል፣ ከዛ በኋላ ትንሿም ትበቃለች፣ አስም ነው። ዋናው ቀቢያችን ሁለት አመት ሙሉ ማታ ማታ ሲስል «ብርድ መቶኝ ነው» ይል ነበር። የፋሲካ ሰሞን ጋራዡ ሲዘጋ ሳሉ ይጠፋል፣ ስራ ሲገባ ይመለሳል፣ ብርድ በዓል ያከብራል እንዴ? ክሊኒክ ሄዶ ነበር አንዴ። ስራህ ምንድነው ብሎ የጠየቀው የለም፣ እሱም አልተናገረ፣ የሳል ሽሮፕ ይዞ መጣና ጠጥቶ ስፕሬይ ጋኑን አነሳ።