ብረት ለበስ ምንድን ነው? «ጥይት የማይበሳው» እንዳትሉኝ ብቻ

ሰሞኑን አንድ ተንታኝ «ብረት ለበስ ስለሆነ ጥይት አይበሳውም» ሲል ሰምቼ ሻዩ ትን አለኝ። ያ አልበቃ ብሎ ወታደር የሚጭነውን ባለ ስምንት ጎማ ቢቲአር «ታንኩ» ይለዋል።

ወንድሜ፣ ቃሉ እኮ ልኩን ተናግሯል። ሀገር በቀል፣ ልብ ወለድ እንደምንለው ነው ብረት ለበስ የምንለው። ብረት ለብሷል፣ አለቀ። የቱን ጥይት እንደሚመልስ ቃሉ አልነገረህም።

ነጠላ የደረበም ለብሷል፤ ጋቢ የደረበም ለብሷል። ደብረ ብርሃን ሲመሽ ግን ልዩነቱ ይገባሃል። ቢቲአር 60 ነጠላ ነው። ብረቱ ወፍራም በሚባልበት ቦታ 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ተራ የክላሽ ጥይት ይመልሳል፤ የከባዱ መትረየስ የዲሽቃ ጥይት ከጎን በቅርብ ሲመጣ ግን ሌላ ነገር ነው። ቲ 55 ታንክ ጋቢ ነው፤ የአካሉ የፊት ብረት 10 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። (ውፍረት ብቻውን አያወራም፤ ብረቱ ጋደል ብሎ ስለተሠራ ፊት ለፊት ለሚመጣው ጥይት መንገዱ ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል።) ጋቢ ትከሻን ሸፍኖ እግርን እንደሚተው፣ ታንክም ፊቱን አወፍሮ ጀርባውንና ሆዱን ያሳሳል። ክብደቱስ? 36 ቶን። ድልድዩን መጠየቅ ነው።

ጋቢ ተከናንቦ ዞር ማለትም ያስቸግራል። በታኅሣሥ 1928 ደምበጉና ላይ የራስ እምሩ ጦር የጣሊያንን ትንንሽ ታንኮች ያገኛቸው እንዲህ ነው። መትረየሳቸው ከፊት ብዙም አይዞርም። አርበኞቹ ከኋላ ዞረው ላያቸው ላይ ወጡባቸው። ብረቱ የጠመንጃ ጥይት ይመልስ ነበር እኮ!

ታንክ ብረት ከሚለብሱት አንዱ ነው። ዜና ላይ «ታንክና ብረት ለበስ» ሲባል ግን ሁለተኛው ሰው የሚጭነው ነው፤ ይሄ ልማድ ነው፣ አልከራከርም።

የምከራከረው ፒክአፕ ላይ ላሜራ በይዶ ብረት ለበስ ከሚለው ጋር ነው። ላሜራ ለስላሳ ብረት ነው። ደህናውን ጠንካራ ብረት ብታመጣ እንኳ ብየዳው ያለፈበት ዳር በሙቀቱ ይለሰልሳል። ሌላው ሁሉ ቢሟላ በሩ ይከብድና ማጠፊያው ይወርዳል፤ ጠዋት ጠዋት በትከሻ እየገፉ መዝጋት ነው።