ጤና፣ ስፖርት፣ ጥበብና ቴክኖሎጂ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት

የአንደኛ ደረጃ ተማሪ አብዛኛውን የትምህርት ሳምንት የሚያሳልፈው በንባብ፣ በጽሕፈትና በሒሳብ ነው። ከእነዚህ ጎን ሌሎች አራት ዘርፎች አሉ፦ ጤና፣ ሰውነት ማጎልመሻ፣ ጥበባትና ቴክኖሎጂ። አደረጃጀታቸው ከአገር አገር ይለያያል። አውስትራሊያ ጤናንና ሰውነት ማጎልመሻን አንድ ላይ ታስተምራለች። ጥበባትን ግን በውዝዋዜ፣ በድራማ፣ በሙዚቃ፣ በሚዲያና በእይታ ጥበብ ትከፍላለች። ሌሎች አገሮች ጥበብን በሥዕልና በሙዚቃ ብቻ ይወስኑታል። አከፋፈሉ ምንም ይሁን ምን፣ ልጁ በአራቱም የሚማረው እየሠራ ነው።

ብዙ ቦታ ግን እንደ እረፍት ነው የሚታዩት። ፈተና ሲቃረብ መጀመሪያ የሚነጠቀው የስፖርትና የሥዕል ክፍለ ጊዜ ነው። መምህር ሲቀር ደግሞ "ኳስ ይዛችሁ ውጡ" ይባላል። ይህ ትልቅ ስህተት ነው። እነዚህ ትምህርቶች እንደ ሒሳብ የራሳቸው ቅደም ተከተል አላቸው። መደመር ያልቻለ ልጅ ማባዛት እንደማይቀናው ሁሉ፣ እዚህም የታችኛው ደረጃ ሲዘለል የላይኛው ይከብዳል።

ለምሳሌ ኳስ መወርወርን እንይ። ቀላል ይመስላል። ጀማሪ ልጅ ሲወረውር እግሩ ከቦታው አይነቃነቅም፣ የሚሠራው ክንዱ ብቻ ነው። ትንሽ ሲሻሻል በቀኝ እጁ እየወረወረ ቀኝ እግሩን ያስቀድማል። በደንብ የሚወረውር ልጅ ግን በተቃራኒው ግራ እግሩን ወደፊት ያራምዳል። ከዚያ ወገቡ ይዞራል፣ ትከሻው ይከተላል፣ ክንዱ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ኃይሉ የሚመነጨው ከዚህ ቅብብል ነው። ዕድሜ ብቻውን ይህን አያመጣም። አንድ ሰው ማሳየት አለበት፣ ልጁም ደጋግሞ መሞከር አለበት። መሮጥ፣ መዝለል፣ መቅለብ፣ መምታትና ሚዛን መጠበቅም እንዲሁ ናቸው። በጀማሪ ክፍሎች የሰውነት ማጎልመሻ ዋና ሥራ እነዚህን መሠረታዊ እንቅስቃሴዎች ማስያዝ ነው። የእግር ኳስና የቅርጫት ኳስ ሕግጋት በኋላ ይደርሳሉ።

ትምህርቱ ዛሬ ያለበት ላይ የደረሰው ረጅም መንገድ ሄዶ ነው። ስዊድናዊው ፔር ሄንሪክ ሊንግ እ.ኤ.አ. በ1813 ስቶክሆልም ውስጥ የጂምናስቲክ መምህራን ማሠልጠኛ ከፈተ። የእሱ ስልት በብዙ አገሮች ትምህርት ቤቶች ተዳረሰ። ልጆች ተሰልፈው በትእዛዝ እጃቸውን ያነሱና ያወርዱ ነበር። ወታደራዊ መልክ ነበረው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሂደት ጨዋታና ነፃ እንቅስቃሴ ቦታውን እየወሰዱ መጡ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጣው ቻርተር ሰውነት ማጎልመሻንና ስፖርትን የሁሉም ሰው መሠረታዊ መብት ብሏቸዋል። ቻርተሩ እ.ኤ.አ. በ2015 ተሻሽሏል።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ትንፋሽና የልብ ምት የሚጨምር እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ ይህን አይሞላም። ስለዚህ ክፍለ ጊዜው ልጁ በራሱ ጊዜ የሚጫወትበትን ችሎታና ፍላጎት ማስያዝ አለበት። እዚህ ላይ ሁለት መጥፎ ልማዶች አሉ። አንዱ የተሸነፈ የሚወጣበት ጨዋታ ነው። ልምምድ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ልጅ ቀድሞ ወጥቶ ዳር ላይ ይቀመጣል። ሌላው ሩጫን ቅጣት ማድረግ ነው። "ሜዳውን አምስት ጊዜ ዙር" የተባለ ልጅ ሩጫን የሚያውቀው በጥፋተኝነት ነው። አካል ጉዳት ያለባቸውን ልጆች ተመልካች ማድረግም አያስፈልግም። ለዓይነ ስውራን የሚያንቃጭል ኳስ አለ። ሕጉን፣ ርቀቱን ወይም የኳሱን መጠን መቀየር ብዙ ጊዜ ይበቃል።

የጤና ትምህርት የሚጀምረው ከእጅ መታጠብ፣ ከጥርስና ከእንቅልፍ ነው። ትንሽ ቢመስልም ጉዳዩ ከባድ ነው። ለምሳሌ የመጀመሪያው ቋሚ መንጋጋ ጥርስ የሚወጣው 6 ዓመት አካባቢ ነው። የሚወጣው ከወተት ጥርሶቹ ኋላ ነው፤ ምንም ጥርስ ሳይወልቅ ብቅ ይላል። በዚህ ምክንያት ብዙ ወላጅ የወተት ጥርስ ይመስለዋል፣ ቢበሰብስም ይለወጣል ብሎ ይተወዋል። አይለወጥም። አንደኛ ክፍል ላይ ያለ ልጅ ይህን ቢያውቅ ዕድሜ ልኩን ይጠቅመዋል።

ከፍ ሲል የሰውነት ለውጥ፣ ስሜትን መግለጽና ራስን መጠበቅ ይመጣሉ። ሴቶች ልጆች ላይ የጉርምስና ምልክቶች በአብዛኛው ከ8 እስከ 13 ዓመት፣ ወንዶች ላይ ከ9 እስከ 14 ዓመት መታየት ይጀምራሉ። ስለዚህ ትምህርቱ ለሁለተኛ ደረጃ ከቆየ ዘግይቷል። የወር አበባዋን ሳታውቀው ያየች ልጅ ትደነግጣለች፣ ቀድማ የሰማች ትዘጋጃለች። ትናንሽ ልጆችም የሰውነት ክፍሎቻቸውን በትክክለኛ ስማቸው ማወቅ አለባቸው። የሆነ ሰው ቢነካቸው የደረሰባቸውን በግልጽ መናገር የሚችሉት ያኔ ነው። እዚህ ላይ አዋቂዎች እናፍራለን፤ የዝምታው ዋጋ ግን ልጁ ላይ ነው የሚወድቀው። ግቢው ራሱም ያስተምራል። ውኃና ሳሙና በሌለበት መጸዳጃ ቤት ስለ እጅ መታጠብ የተሰጠ ትምህርት ደብተር ላይ ይቀራል።

ጥበባት ውስጥ በብዛት የሚሰጠው ሥዕል ነው። የልጆች ሥዕል በደረጃ እንደሚያድግ በደንብ ይታወቃል። መጀመሪያ መጫጫር ነው። ቀጥሎ ከትልቅ ጭንቅላት እግር በቀጥታ የሚወጣለት ሰው ይመጣል። ሰባት ዓመት ገደማ ወረቀቱ ግርጌ ላይ አንድ መስመር ይሰመራል። ቤቱ፣ ዛፉና ሰዎቹ ሁሉ እዚያ መስመር ላይ ይቆማሉ። ሰማዩ ከላይ ጠባብ ሰማያዊ ቅብ ይሆናል፣ መሀሉ ባዶ ነው። ይህ ስህተት አይደለም። ልጁ ነገሮች እርስ በርሳቸው ያላቸውን ቦታ ማሰብ መጀመሩን ያሳያል። "ሰማይ እስከ ታች ይወርዳል" ብሎ ቀለሙን ከእጁ ከመቀማት፣ ውጭ አውጥቶ አብሮ ማየት ይሻላል። መምህሩ ሰሌዳ ላይ የሣለውን አበባ አርባ ልጅ እንዲገለብጥ ማድረግ ግን ሥዕል ማስተማር አይደለም። በልጆች መብት ስምምነት አንቀጽ 31 ላይ ልጅ በባህልና በጥበብ ሕይወት በሙሉ የመሳተፍ መብት አለው ተብሎ ተደንግጓል። መሳተፍ መገልበጥ አይደለም።

በሙዚቃ ሁለት ስሞች ጎልተው ይነሳሉ። ሀንጋሪያዊው ዞልታን ኮዳይ ልጅ መጀመሪያ መዝፈን አለበት ይል ነበር። የድምፅ ደረጃዎቹን በእጅ ምልክት ማሳየት የስልቱ አካል ነው። ጀርመናዊው ካርል ኦርፍ ደግሞ ከምት፣ ከንግግርና ከእንቅስቃሴ ይነሳል። በእሱ ስልት የሚሠራባቸው ዛይሎፎኖች (በትንሽ ዱላ የሚመቱ ባለጣውላ የሙዚቃ መሣሪያዎች) ጣውላዎቻቸው ይነቀላሉ። መምህሩ የማይፈለጉትን ያወጣቸዋል። ልጁ የቀሩትን እንደፈለገ ቢመታ ድምፁ ከጓደኞቹ ድምፅ ጋር አይጋጭም። ጀማሪ ያለ ፍርሃት ዜማ እንዲፈጥር የሚያደርግ ድንቅ ዘዴ ነው።

ቴክኖሎጂ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ኮምፒውተር ነው። ትምህርቱ ግን ከኮምፒውተር በፊት ነበር። ፊንላንድ በኡኖ ሲግኔየስ መሪነት እ.ኤ.አ. በ1866 እጅ ሥራን በሕዝብ ትምህርት ቤቶች ግዴታ አደረገች። ልጆች እንጨት ይጠርቡ፣ ይሰፉ፣ ይሸምኑ ነበር። ዓላማው አናጺ ማፍራት ሳይሆን እጅና አእምሮን ማስማማት ነበር። ይህ ሐሳብ ዛሬም ይሠራል። አንድ ወረቀት በሁለት መጽሐፎች መካከል ድልድይ ይሁን። ወዲያው ይጎብጣል፣ እርሳስ አይችልም። ያንኑ ወረቀት እንደ አኮርዲዮን አጣጥፎ ቢያስቀምጠው እርሳሱን ይሸከማል። ልጁ ቅርፅ ጥንካሬ እንደሚሰጥ በእጁ አየ። ከዚያ ይነድፋል፣ ይሠራል፣ ይፈትናል፣ ያስተካክላል።

ኮምፒውተሩም በዚህ መንፈስ ነው የገባው። እ.ኤ.አ. በ1967 ሲይሞር ፓፐርትና ባልደረቦቹ ሎጎ የተባለውን ለልጆች የታሰበ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ሠሩ። ልጁ "ኤሊ" የተባለ ትንሽ ሮቦት ወይም የስክሪን ምልክት እያዘዘ ቅርፅ ይሥላል። እ.ኤ.አ. በ2007 ስክራች የተባለው ሌላ የልጆች ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ለሕዝብ ቀረበ፤ ትእዛዞቹ እንደ መጫወቻ ብሎክ ይገጣጠማሉ። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ኮምፒውቲንግን ከ5 ዓመት ልጆች አንስቶ ታስተምራለች። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2020 ፕሮግራሚንግን በአንደኛ ደረጃ ግዴታ ስታደርግ ራሱን የቻለ ትምህርት አላደረገችውም፤ በሒሳብና በሳይንስ ውስጥ አስገባችው። መሣሪያ በሌለበትም መጀመር ይቻላል። አንዱ ልጅ ሮቦት ይሆናል፣ ሌላው ወደ በሩ እንዲያደርሰው ያዘዋል። "ሂድ" ሲለው ሮቦቱ ግድግዳ እስኪመታ ይሄዳል። ስንት እርምጃ? ወዴት መዞር? ስህተቱን የሚያገኘውና የሚያርመው ያዘዘው ልጅ ራሱ ነው።

እነዚህን ማን ያስተምር የሚለው ሁሌም ያከራክራል። በአንዳንድ አገሮች የክፍሉ መምህር ሁሉንም ያስተምራል። ልጆቹን ያውቃል፣ ግን ዜማ የማይሆንለት ወይም ከስፖርት የራቀ ሊሆን ይችላል። በሌሎች አገሮች ልዩ መምህር ይመደባል። ችሎታው አለው፣ ግን በሳምንት በመቶ የሚቆጠሩ ልጆች ስለሚያልፉበት የእያንዳንዱን ለውጥ መከታተል ይቸግረዋል። በእኔ እምነት ቢያንስ ሰውነት ማጎልመሻና ሙዚቃ የሠለጠነ ሰው ይፈልጋሉ። ለቀሩት ደግሞ የክፍሉ መምህር ተግባራዊ ሥልጠና ካገኘ ይበቃል።

ምዘናውም ሌላ ጣጣ ነው። በጽሑፍ ፈተና የኳስ ሕግ መጠየቅ ይቀላል፤ የሚለካው ግን ማስታወስን ብቻ ነው። ለፈጣኑ ሯጭ ከአሥር አሥር መስጠትም ለተፈጥሮ ማርክ መስጠት ነው። የሚሻለው ልጁን ከራሱ ጋር ማወዳደር ነው። ባለፈው ወር ሲወረውር እግሩ አይነቃነቅም ነበር፣ አሁን ያራምደዋል። የሥዕል ደብተሩ ከመስከረም እስከ ሰኔ ሲገለጥ ለውጡን ያሳያል። የወረቀት ድልድዩ ቢወድቅም፣ ልጁ ለምን እንደወደቀ ካስረዳና ሁለተኛውን ካሻሻለ ማርኩ ይገባዋል።