ዳርዝ ቬደር፦ ጥቁሩ ጭንብልና የወሎ ሽምግልና

ዳርዝ ቬደር በጆርጅ ሉካስ የስታር ዋርስ ፊልሞች ውስጥ ያለ ክፉ ገጸ ባሕርይ ነው። ቁመቱ ረጅም ነው። ልብሱ ከራስ ቁሩ እስከ ጫማው ጥቁር ነው። አተነፋፈሱ ከሩቅ ይሰማል። የልጅነት ስሙ አናኪን ስካይዎከር ነው። ባሪያ ሆኖ ተወለደ፣ ጀዳይ የሚባሉት የሰላም ጠባቂዎች ዘንድ አደገ፣ የአምባገነን ቀኝ እጅ ሆኖ ኖረ፣ በመጨረሻ ልጁን ለማዳን ሲል ጌታውን ገድሎ ሞተ። የአሜሪካ ፊልም ኢንስቲትዩት በ2003 የምንጊዜም ክፉ ገጸ ባሕርያትን ሲዘረዝር ሦስተኛ አድርጎታል። (የፊልሞቹ ዓመተ ምሕረት በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

ወሎ ውስጥ ብዙ ሰው ቬደርን የተዋወቀው ቪዲዮ ቤት ነው። የደሴም ሆነ የኮምቦልቻ ወይም የወልድያ ቪዲዮ ቤት ብዙም አይለያይም ነበር። መስኮቱ በብርድ ልብስ ተጋርዷል፣ ሰው አግዳሚው ላይ ተጠጋግቶ ተቀምጧል፣ በሩ ላይ የዕለቱ ፊልም በጠመኔ ተጽፏል። ቀጥሎ የሲዲ ኪራይ መጣ፤ ከዚያ ፍላሽ፤ አሁን ደግሞ ቴሌግራም አለ። በዚህ መንገድ ፊልም በተራው አይደርስም። ስድስቱ ዋና ፊልሞች የወጡት በ1977፣ በ1980፣ በ1983፣ በ1999፣ በ2002 እና በ2005 ነው፤ ታሪኩ ግን የሚጀምረው ከ1999ኙ ነው። እጁ የገባውን ያየ ሰው አንዳንዱ መጀመሪያ ሕፃኑን አናኪንን ያውቃል፣ አንዳንዱ ጥቁሩን ሰውዬ። ይሄ ቀላል ልዩነት አይደለም። ሕፃኑን ቀድሞ ያወቀ ሰው በቬደር ላይ ለመፍረድ አፉ ይተሳሰራል። በቪዲዮ ቤት ሕግ አክተሩ አይሞትም። እዚህ ግን አክተሩ ማን እንደሆነ ራሱ ያከራክራል።

በነገራችን ላይ ለስታር ዋርስ ወዳጆች 77 ትልቅ ቁጥር ነው፤ የመጀመሪያው ፊልም ዓመት። ወሎ ላይ 77 ሲባል የሚታወሰው ሌላ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር የ1977ቱ ረሃብ። ሦስተኛው ፊልም አሜሪካ ውስጥ በሲኒማ በር ሰው ካሰለፈ ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ ኮረም ላይ ሰው ለእህል ተሰልፎ ነበር። ፊልሞቹ እዚህ የደረሱት ዘግይተው ነው።

ከአናኪን ወደ ቬደር

አናኪን ታቱዊን በምትባል በረሃማ ፕላኔት ላይ ከእናቱ ከሽሚ ጋር በባርነት ይኖር ነበር። ዘጠኝ ዓመቱ ላይ አንድ ጀዳይ በእሽቅድምድም ውርርድ ነጻ ያወጣዋል። እሱን ብቻ። እናቱ እዚያው ቀረች። ለእኔ የቬደር ታሪክ የሚጀምረው ከዚህች ቦታ ነው። ጀዳዮቹ ሕፃኑን ሲመረምሩት ውስጡ ፍርሃት እንዳለ አወቁ፤ ፍርሃት ወደ ቁጣ፣ ቁጣም ወደ ጥላቻ እንደሚወስድ ነገሩት። ግን አንዳቸውም ሄደው እናቱን ከባርነት አላስፈቱለትም። በጋላክሲው ውስጥ የታወቁ ጠቢባን ናቸው፤ ይህቺን ግን አላሰቧትም።

አሥር ዓመት ቆይቶ እናቱ በሕልሙ ስትሰቃይ ያያል። ሲደርስ የበረሃ ወንበዴዎች አስረው አሰቃይተዋታል። እጁ ላይ ሞተች። ያን ሌሊት የሰፈሩን ሰው በሙሉ ፈጀ፤ ወንዱን፣ ሴቱን፣ ሕፃኑን። የመጀመሪያው ትልቅ በደሉ ይህ ነው። ገና ጥቁር ልብስ አልለበሰም። ለፓድሜ፣ በኋላ በስውር ላገባት ሴት፣ ራሱ እያለቀሰ ተናዞላታል። እሷም አጽናናችው እንጂ አልሸሸችውም። በደሉም ተሸፋፍኖ ቀረ።

ከዚያ በ2005ቱ ፊልም ፓድሜ ስታረግዝ ሕልሙ ተመለሰበት። አሁን በምጥ ስትሞት ነው የሚያያት። ጀዳይ ማግባት ስለማይፈቀድለት ጭንቀቱን በግልጽ የሚያዋየው ሰው የለም። የሚያዳምጠው ፓልፓቲን ብቻ ነው፤ ከላይ የተከበረ የአገር መሪ፣ ከሥር የጨለማው ወገን ጌታ። «ሰውን ከሞት የሚያድን እውቀት አለ» ብሎ ያባብለዋል። አናኪን ይንበረከካል፣ ቬደር የሚል ስም ይቀበላል፣ በዚያው ሌሊት ጀዳዮች ቤተ መቅደስ ገብቶ ሕፃናት ተማሪዎችን ይገድላል።

ቀሪው ፈጥኖ ያልቃል። ሚስቱን በቁጣ አነቃት። አስተማሪውና ወንድም ያህል የሆነው ኦቢ-ዋን ኬኖቢ እሳተ ገሞራ በሚፈስባት ፕላኔት ላይ ሁለት እግሩንና አንድ እጁን ቆርጦ፣ ሰውነቱ በእሳት ሲነድ ትቶት ሄደ። ፓድሜ መንታ ወልዳ ሞተች፦ ሉክንና ሊያን። እሷን ላለማጣት ብሎ የሠራው ሁሉ እሷን አሳጣው። ጥቁሩ ልብስ እንግዲህ ጌጥ አይደለም፤ ያለሱ መተንፈስ ስለማይችል ነው።

አራት ሰው በአንድ ልብስ

ስለ አሠራሩ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ፊልሞች ውስጥ ቬደር አንድ ተዋናይ አይደለም። ሰውነቱ የዴቪድ ፕራውስ ነው፤ ሁለት ሜትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው እንግሊዛዊ ክብደት አንሺ። ድምፁ የጄምስ ኧርል ጆንስ ነው፤ በ2024 ያረፈው ትልቅ አሜሪካዊ ተዋናይ፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊልሞች ላይ ስሙ እንኳ እንዲጻፍ አልፈለገም። በ1980ውና በ1983ቱ ፊልም ሰይፍ ሲማዘዝ ያለው በኦሎምፒክ ለእንግሊዝ የተወዳደረው ሰይፈኛ ቦብ አንደርሰን ነው። በመጨረሻ ጭንብሉ ሲወልቅ የሚታየው ፊት ደግሞ የሴባስቲያን ሾው ነው። ሁለት ልብ ያለው ሰው በአራት ሰው ተሠራ።

ጭንብሉን በሥዕል ያመጣው ራልፍ ማኳሪ ነው። ቬደር ከመርከብ ወደ መርከብ አየር በሌለበት ሕዋ ስለሚሻገር መተንፈሻ ያስፈልገዋል ብሎ አሰበ፤ ጭንብሉ በዚያው ቀረ። ትንፋሹን የቀዳው የድምፅ ባለሙያው ቤን በርት ነው፤ ውሃ ውስጥ ጠላቂዎች የሚጠቀሙበትን መተንፈሻ ማይክሮፎን አስጠግቶ። እንግሊዝኛው ለማይገባው ተመልካች ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ንግግሩ ቢያመልጠው ትንፋሹ አያመልጠውም።

ሙዚቃውም እንደዚያው። በጆን ዊሊያምስ የተደረሰው የቬደር ማርሽ በ1977ቱ ፊልም ውስጥ የለም፤ የመጣው በ1980 ነው። በነሐስ መሣሪያ ተነፍቶ ሲመጣ ወታደር በሩ ላይ የቆመ ያስመስላል። ሰውዬው ሲሞት ግን ያው ዜማ ቀስ ብሎ፣ ሳስቶ፣ በበገና መሰል ክር መሣሪያ ይሰማል። ባቲና አምባሰል የሚባሉ ቅኝቶች የወጡበት አገር ጆሮ ይህን ለመለየት አስተማሪ አያሻውም። ያው ዜማ ነው፤ ሰውየው ተቀይሯል።

በሁለተኛው ፊልም ቬደር ለሉክ «አባትህ እኔ ነኝ» ያለው ነገርም ገና ከመነሻው የታቀደ አልነበረም። ለሁለተኛው ፊልም በተጻፈው የመጀመሪያ ረቂቅ ላይ የሉክ አባትና ቬደር ሁለት የተለያዩ ሰዎች ነበሩ። በቀረጻው ቀን ፕራውስ ያለው ሌላ ነው፤ አባትህን የገደለው ኦቢ-ዋን ነው የሚል። እውነተኛው ንግግር በኋላ በጆንስ ድምፅ ገባ። ምስጢሩ እንዳይወጣ ነው።

ሁለት ልብ

ቬደርን ከሌላው ክፉ የሚለየው መሣሪያው አይደለም። ልቡ መከፈሉ ነው። ልጁ «በጎነት አሁንም አለህ» ሲለው አይክድም። «ለእኔ ጊዜው አልፏል» ነው የሚለው። ክፉ መሆኑን የሚያውቅ፣ መመለስ እንዳለበትም የሚያውቅ፣ ግን በሩ የተዘጋ የመሰለው ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ለማወቅ ፊልም ማየት አያስፈልግም።

አንዲት ቦታ ላይ ቆም እንበል። የ1983ቱ ፊልም መጨረሻ አካባቢ ሉክ በቁጣ ተነሥቶ የአባቱን እጅ በሰይፍ ይቆርጣል። የተቆረጠው እጅ ብረትና ሽቦ ነው። ሉክ የራሱን እጅ ያያል፤ እሱም ሰው ሠራሽ ነው፣ አባቱ ራሱ በቀደመው ፊልም የቆረጠበት። ያኔ ሰይፉን ይጥላል። ንጉሠ ነገሥት የሆነው ፓልፓቲን ልጁን በመብረቅ መጥበስ ሲጀምር ቬደር አጠገቡ ቆሟል። ወደ ጌታው ያያል፣ ወደ ልጁ ያያል፣ እንደገና ወደ ጌታው። ጭንብል ነው፤ ፊት የለም፣ ቅንድብ የለም። ግን በዚያ ጥቁር ፕላስቲክ ውስጥ ሰው ሲታገል ይታያል። ከዚያ ጌታውን አንሥቶ ወደ ጥልቁ ይወረውረዋል። በመጀመሪያው ቅጂ ይህን ሲያደርግ አንድ ቃል አይናገርም። በ2011 በወጣው የብሉሬይ ቅጂ ግን «አይሆንም!» እያለ እንዲጮኽ አደረጉት። ምን አስፈለገ? ዝምታው በቂ ነበር።

ደሙ ደረቀ ወይ?

ጨዋታው ቡና ላይ ሲነሳ ሁሌም የሚያከራክረው ይህ ነው፦ ቬደር ምሕረት አገኘ ወይስ አላገኘም? በክርስቲያኑ በኩል ወዲያው የሚነሳው በጌታ ቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ ነው፤ በመጨረሻዋ ሰዓት አስታውሰኝ ብሎ ገነት የገባ። ሙስሊሙ ደግሞ ዘጠና ዘጠኝ ነፍስ ገድሎ፣ መቶኛውንም ጨምሮ፣ ለተውባ (ለንስሐ) ሲሄድ መንገድ ላይ የሞተውንና ምሕረት ያገኘውን ሰውዬ ያነሳል። ወሎ ስለሆነ ሁለቱም በአንድ ረከቦት ዙሪያ ይነሳሉ። በዚህ ከሄድን ቬደር ምሕረት አግኝቷል፤ ነገሩ አለቀ።

ግን ወሎ ሌላም ሥርዓት አለው። ደም የፈሰሰበት ጉዳይ በፍርድ ቤት ብቻ አያልቅም። ገዳይ እስራቱን ጨርሶ ቢወጣም ደሙ አልደረቀም ይባላል። ደም የሚያደርቁት ሽማግሌዎች ናቸው፤ በወሎ ብዙ አካባቢ አበጋር የሚባሉት አሉ፣ በራያ ቆቦ በኩል ደግሞ ዘወልድ የሚባለው ሥርዓት አለ። ከሁለቱም ሃይማኖት የተከበሩ ሰዎች ይቀመጣሉ። ገዳይ ወገን እጁን ይሰጣል፣ በደሉን ሳይሸፍን ያምናል፣ ካሳ ይቆረጣል፣ ጸሎትና ዱዓ ይደረጋል። ከሁሉ በላይ ግን የሟች ወገን መኖር አለበት። እሱ የሌለበት እርቅ እርቅ አይባልም።

ቬደርን በዚህ ወንበር ፊት እናቁመው። ጭንብሉን ልጁ አውልቆለት፣ በገዛ ዓይኑ አንድ ጊዜ አይቶት፣ ስለ እሱ ትክክል እንደነበር ለእህቱ እንዲነግራት ለምኖት ሞተ። ደስ ይላል፤ ሰው ያስለቅሳል። ግን ይቅር ያለው ማነው? ሉክ። ሉክ ደግሞ የገዳይ ወገን ነው። የቤተ መቅደሱ ሕፃናት ወላጆች የት አሉ? በመጀመሪያው ፊልም በአንድ ምት የጠፋችው የአልደራን ፕላኔት ሕዝብስ? ትእዛዙን የሰጠው ታርኪን የሚባለው ሹም ነው፤ እሺ። ቬደር ግን ሊያን ከኋላዋ ይዞ፣ አገሯ ሲነድ እንድትመለከት ያቆማት ሰው ነው። ቀደም ሲልም ምርመራ ብሎ አሰቃይቷታል።

ሊያ እንግዲህ ለሽማግሌ ከባድ ጣጣ ናት። አልደራን ላይ ያደገች ልጅ ስለሆነች ደመኛ ናት። የቬደር ልጅ ስለሆነች ደግሞ የገዳይ ወገን ናት። በሁለቱም ወንበር መቀመጥ ያለባት አንድ ሴት። ከዚህ የበለጠ ትዕይንት ከየት ይመጣል? ፊልሙ ግን አልፎታል። አባቷ ማን እንደሆነ ወንድሟ ይነግራታል፣ ትደነግጣለች፣ ሬሳው ሲቃጠል ሉክ ብቻውን ቆሟል፣ እሷ ጫካው ውስጥ ከጓደኞቿ ጋር ድል ታከብራለች። ይቅር ትበል አትበል የጠየቃት የለም። «ተው እንጂ፣ ልጁን አድኗል» የሚል ሰው አይጠፋም። ልክ ነው፣ አድኗል። ፈጣሪ ይማረው። ደሙ ግን፣ እንደ ወሎ ሽማግሌ ካየነው፣ አልደረቀም።

ያልደረቀ ደም ደግሞ ወደ ልጅ ልጅ ይሄዳል። ከ2015 እስከ 2019 በወጡት ሦስት ፊልሞች ውስጥ የሊያ ልጅ ቤን ሶሎ፣ በሌላ ስሙ ካይሎ ሬን፣ የአያቱን የተቃጠለ ጭንብል ፊቱ አስቀምጦ «አያቴ፣ አበርታኝ» ይለዋል። አባቱንም ይገድላል። ጸሐፊዎቹ አስበውበት ይሁን አይሁን፣ ይህ ክፍል ለወሎ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም።

አንድ የቀረ ክርክር አለ። የ1983ቱ ፊልም ሲያልቅ አናኪን ከሞቱት ጀዳዮች ጋር በመንፈስ ይታያል። በመጀመሪያው ቅጂ የሚታየው የሴባስቲያን ሾው ፊት ነው፤ ያረጀ፣ የተጸጸተ ሰው። በ2004ቱ የዲቪዲ ቅጂ እሱን አውጥተው ወጣቱን አናኪን የተጫወተውን ሄይደን ክሪስተንሰንን አስገቡ፤ ከበደሉ በፊት የነበረውን ቆንጆ ልጅ። አንዳንዶች ይህን ወደዱት፤ አናኪን የሞተው ቬደር የሆነ ቀን ነው ይላሉ። እኔ አልስማማም። ለሽማግሌ የሚቀርበው በደሉን የሠራው ሰው ነው፣ ከነሽበቱ። ከዚያ ወዲህ በብዛት የሚዞረው ግን አዲሱ ቅጂ ስለሆነ፣ ፍላሹን አስገልብጦ ወደ ቤቱ የሚሄደው የደሴ ልጅ የሚያየው ወጣቱን ነው።